የተበዳይ ካሳ
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ ከታክሲ ሾፌሮች ወገን የቀረበ ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ታክሲ የምንነዳውን አባላት «ስለ ሥራችሁ አንድ ነገር ተናገሩ» ሲለን፣ ስለ በረዶው፣ ስለ ኤርፖርቱ ሰልፍና ስለ ቤንዚን ዋጋ የምንናገር የመሰለው ሰው ሳይኖር አይቀርም። ስለ እነዚህ ግን ዓመቱን ሙሉ ስናወራችሁ ስለምንከርም ዛሬ ልናሳርፋችሁ ወስነናል። የመረጥነው ርእስ፣ በወንጀል ለተጎዳ ሰው መንግሥት ስለሚከፍለው ገንዘብ ነው። ርእሱ ለበዓል አይመችም ብለው የመከሩን አሉ። ይሁን እንጂ እኛ ሰዎች ሁላችንም አንድ ላይ የምንገናኘው ወይ ለበዓል ወይ ለለቅሶ ነው፤ በለቅሶው ቀን ደግሞ ይህን ማንሳት ነውር ይሆናል።

«እኛ» የምንላቸው እነማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ። አብዛኞቻችን በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ያለን፣ ሌሊት የምንሠራና ቀን የምንተኛ ነን። ከመካከላችን በ1993 ዓ.ም. ሚያዝያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በተነሣው ግርግር ትምህርቱን አቋርጦ በናይሮቢ በኩል እዚህ የደረሰ አለ። ሕግ ሲያጠና ሦስተኛ ዓመት ላይ ያቆመም አለ፤ ዛሬ ስለ ሕግ የምንላችሁን ሁሉ እሱ አይቶልናል። (ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመቶች «ዓ.ም.» ካላልን በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የታክሲ ሾፌር ማለት ለማያውቀው ሰው ጀርባውን ሰጥቶ፣ በጨለማ፣ ገንዘብ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ነው። መጠጥ ቤቶች ሲዘጉ ከስቴፈን አቬኑ ወይም ከ17ኛ አቬኑ የሚነሣው ተሳፋሪ ሂሳቡን ይከፍል ወይም በሩን ከፍቶ ይሮጥ እንደሆነ የሚታወቀው ሲደረስ ብቻ ነው። በካልጋሪ ታክሲዎች ውስጥ ካሜራ አለ። ካሜራው ማን እንደመታን ያሳያል እንጂ ዱላውን አያስቀርልንም። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍለው የአልበርታ የሠራተኞች ካሳም ቢሆን፣ ራሱን ችሎ የሚሠራ ባለመኪና ዋስትናውን ከኪሱ ካልገዛ በቀር አይደርስለትም። ስንቶቻችን ገዝተናል ብለን ብንጠይቅ እጁን የሚያወጣው ጥቂት ነው።

በ2021 የካቲት ውስጥ ከባልደረቦቻችን አንዱ ሊነጋጋ ሲል አንድ ተሳፋሪ ሂሳብ አልከፍልም ብሎ በጠርሙስ ዓይኑ ሥር መታው። ፖሊስ መጣ፣ ቃሉን ተቀበለ፣ የፋይል ቁጥር ሰጠው። ሐኪም ቤት ሰፉት። ከዚያ ሦስት ሳምንት መኪናው ቆመ፤ የኢንሹራንሱና የመኪናው ዕዳ ግን አልቆመም። እንደ ባህላችን ጠየቅነው፣ አዋጣንለት፣ ዶሮ ወጥ በሳህን ተሸክመን ሄድን። ስሙን የማንጠራው የሚሠራበት ድርጅት የጠየቀው ነገር ቢኖር መቼ ወደ ሥራ እንደሚመለስ ብቻ ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የክፍለ ሀገሩ መንግሥት የሚሰጠው ድጋፍ እንዳለ የነገረችው፣ ስፌቱ ከወጣ ከብዙ ቀን በኋላ ለዓይኑ ክትትል በሄደበት ያገኛት አንዲት ነርስ ናት። ማመልከቻው ሲከፈት የመጀመሪያው ጥያቄ ወንጀሉ የተፈጸመበት ቀን ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረው ሕግ የሚሰጠው 45 ቀን ነው። የእሱ 45 ቀን አልፏል።

ስለዚህ 45 ቀን ወደ ኋላ እንመለስበታለን። መጀመሪያ ግን ነገሩ ከየት እንደመጣ እንመልከት፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው «መንግሥት አልመታኝ፣ ለምን ይከፍለኛል?» ሲል እንሰማለን።

ጥያቄው ተገቢ ነው። በአገራችን ካሳ የሚከፍለው ያጠፋው ሰው ወይም ወገኑ ነው። ሽማግሌ ይገባል፣ ጉማ ወይም የደም ካሳ ይቆረጣል፣ እርቅ ይወርዳል። አጥፊው ካልታወቀስ? ለዚህም ቢሆን አባቶቻችን መላ ነበራቸው። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባለውን ትልልቆቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲሰረቅ፣ ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሳይታወቅ ሲቀር የአገሩ ሰው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ይታገዳል፤ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። በመጨረሻ ካልወጣ የአገሩ ሰው አዋጥቶ ለተበዳዩ ይከፍላል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ይህ ክፉ ነገር የተፈጸመው በእኛ መካከል ስለሆነ የተጎዳው ሰው ብቻውን አይሸከመውም ማለት ነው። ከክርስቶስ ልደት ከ1,700 ዓመት በላይ አስቀድሞ የነበረው የባቢሎኑ ሐሙራቢም ሕጉ ውስጥ ዘራፊው ካልተያዘ ከተማውና ሹሙ ለተዘረፈው ሰው እንዲተኩ አዟል። የሕግ ተማሪያችን ይህን ሲነግረን፣ «እንግዲህ አልበርታ ያለውም አፈርሳታ ነው፤ ልዩነቱ በዚህ ብርድ ሜዳ ላይ አለመታገዳችን ነው» አለ።

በጽሑፍ ሕጋችን ውስጥም አለ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የግል ተበዳይ ካሳ የመጠየቅ መብት እንዳለው ከደነገገ በኋላ፣ ወንጀለኛው መክፈል የማይችል ሲሆን ፍርድ ቤቱ ከተወረሰው ዕቃ ሽያጭ ወይም ከመቀጫው ገንዘብ ላይ ለተበዳዩ እንዲሰጥ ማዘዝ እንደሚችል ይናገራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ሕግም ይህንኑ ይዟል። በወረቀት ላይ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለኅሊና ጉዳት የሚሰጠውን ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖ እንደነበር ስታስቡ፣ ልጁ የሞተበት ሰው ምን ይዞ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ትገምታላችሁ።

በዘመናችን መንግሥት በቋሚነት ይክፈል የሚለውን ሐሳብ የገፋችው እንግሊዛዊቷ ማርጀሪ ፍራይ ናት፤ በ1957 በጋዜጣ ጽፋበታለች። ኒውዚላንድ በ1963 ሕጉን አወጣች፣ ብሪታንያ በ1964 ጀመረች። በካናዳ ቀዳሚዋ ሳስካችዋን ስትሆን ዓመቱ 1967 ነው። አልበርታ በ1969 ተከተለች። ይህ ጉዳይ በየክፍለ ሀገሩ የሚወሰን በመሆኑ ካናዳ አንድ ወጥ ሕግ የላትም። ኒውፋውንድላንድ የነበራትን በ1992 ዘግታዋለች። ኦንታሪዮም ለብዙ ዓመታት ይሠራ የነበረውን የካሳ ቦርድ በ2019 አዲስ ማመልከቻ እንዳይቀበል አድርጋ በሌላ አሠራር ተክታዋለች። ስለዚህ ቶሮንቶ ያለ ዘመድ የሚነግራችሁን ይዛችሁ እዚህ አትሂዱ።

የአጥፊው ኪስ ለምን እንደማይበቃ ከራሳችን ወገን ታሪክ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ሙሉጌታ ሥራው ለትምህርት አሜሪካ የመጣ ወጣት ነበር። በፖርትላንድ ኦሪገን በኤርፖርት መኪና አከራይ ድርጅት ሾፌርነት ይሠራ ነበር፤ እንግዲህ የሥራ ባልደረባችን ልንለው እንችላለን። ኅዳር 13 ቀን 1988 ስኪንሄድ የሚባሉ ዘረኞች በቤዝቦል ዱላ ደብድበው ገደሉት። ገዳዮቹ ታሰሩ። በ1990 ደግሞ ፍርድ ቤት፣ ወጣቶቹን ያነሣሣው ቶም ሜትዝገርና ሌሎቹ ተከሳሾች 12.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ወሰነ። ዜናው ዓለምን ሲያዳርስ ብዙ ሰው የሙሉጌታ ልጅ ሚሊየነር ሆነ ብሎ ነበር። የሰውየው ቤት ተሸጠ፤ ከዚያ ውጭ የተገኘው ከተፈረደው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ፍርዱ ያንን ድርጅት አክስሮታል፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ልጅ ማሳደጊያ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው የአትላንታው ጉዳይ ነው። በቀይ ሽብር ዘመን በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀመንበር የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ አሜሪካ ገብቶ በአንድ ሆቴል ዕቃ ተሸካሚ ሆኖ ሲሠራ፣ እሱ ባለበት ተገርፋ የነበረች ኢትዮጵያዊት እዚያው ሆቴል ውስጥ በሥራ ላይ አየችው። ሦስት ሴቶች ከሰሱት። በ1993 ፍርድ ቤቱ ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ፈረደላቸው፤ በ1996 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አጸናው። ከሦስቱ አንዷ ኑሮዋ እዚሁ ካናዳ ነበር። ሰውየው በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ አስቀድሞ በሌለበት የተፈረደበትን የዕድሜ ልክ እስራት እንዲፈጽም ተደረገ። የሴቶቹ ድል የሁላችንም ድል ነው፣ ገንዘብ ፈልገው እንዳልከሰሱም እናውቃለን። ግን የሆቴል ዕቃ ተሸካሚ አንድ ሚሊዮን ተኩል ዶላር ከየት አምጥቶ ይከፍላል? የእኛን ባልደረባ በጠርሙስ የመታው ሰውም ለስምንት ዶላር ሂሳብ የተጣላ ሰው ነው። ከእሱ ምን ይጠበቃል?

የመንግሥቱ ፈንድ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ ሾፌሮች በደንብ እንድታዳምጡን እንፈልጋለን። በአልበርታ ማንም ሰው የመንገድ ሕግ ጥሶ ሲቀጣ በመቀጫው ላይ ተጨማሪ ክፍያ ይታከልበታል፤ ለብዙ ዓመታት 15 በመቶ ነበር፣ ኋላም ወደ 20 በመቶ ከፍ ብሏል። ይህ ተጨማሪ ገንዘብ የሚገባው ወደ ወንጀል ተጎጂዎች ፈንድ ነው። በወንጀል የተፈረደባቸው ሰዎች የሚከፍሉትም ይጨመርበታል። እንግዲህ በዲርፉት ስንበር፣ በፎቶ ራዳር ስንነሣ፣ «ዩ ተርን» ክልክል በሆነበት ስንዞር የከፈልነው ሁሉ ትንሽ ትንሹ እዚያ ሳጥን ውስጥ ገብቷል። ከዚህ ከተማ ነዋሪ ለዚህ ፈንድ ከታክሲ ሾፌር የበለጠ ያዋጣ ይኖራል ብለን አናምንም። «የመንግሥት ምጽዋት አልቀበልም» የሚል ወንድማችን ካለ ምጽዋት አለመሆኑን በዚህ ይወቅ። ይህ ዕቁብ ነው፤ ዕጣው እንዳይደርሰን የምንጸልይበት ዕቁብ።

በ1997 ሥራ ላይ በዋለው የአልበርታ ሕግ መሠረት፣ በወንጀል አካሉ የተጎዳ ሰው እንደ ጉዳቱ ክብደት በአንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ ያገኝ ነበር። ማመልከቻውም ሁለት ዓመት ድረስ ይቀርብ ነበር። ከጊዜ በኋላ በፈንዱ ውስጥ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ሳይከፈል ተጠራቀመ፤ የክፍለ ሀገሩ ዋና ኦዲተርም በ2016 ጉዳዩን መርምሮ ሪፖርት አወጣ። ገንዘብ የተረፈው ተጎጂ ጠፍቶ አይመስለንም። የማያውቅ፣ የሚፈራና ፎርም የሚያስጠላው ተጎጂ ስለበዛ ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ ደግሞ እኛ የምንገኝበት አለ። በ2020 ሕጉ ሲሻሻል ፈንዱ ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ ሥራ ጭምር እንዲውል ተፈቀደ፣ ለአካል ጉዳት የሚከፈለው ቀረ፣ የማመልከቻው ጊዜም ወደ 45 ቀን ወረደ። ለቆሰለ ሰው የተዋጣ ገንዘብ ለጥበቃው ሥራ መዋሉ ለእኛ አልተዋጠልንም። ጥበቃ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም፤ ለእሱ ግብር እንከፍላለን። ደግነቱ የተጎጂዎች ተከራካሪዎች ዝም አላሉም፤ ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ የተሠራበት አዲስ አሠራር ጊዜውን ወደ ሁለት ዓመት መልሶታል። ለባልደረባችን ግን ሁለት ዓመት ዘግይቶ ነው የመጣው።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን እናንሳ። አንዲት እናት ልጃቸው በሰው እጅ ሞቶባቸው ለማጽናናት በሄድንበት ጊዜ ስለዚህ ገንዘብ ብናነሣባቸው፣ «የልጄን ደም አልሸጥም» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ዝም ብለን ተነሣን። ሰው እንዲህ ሲል አይከራከሩትም። ነገር ግን በኋላ ስንነጋገርበት ችግሩ የቃል መሆኑ ታየን። በአገራችን ካሳ መቀበል ትርጉም አለው፤ የተቀበለ ታርቋል፣ ደሙን ትቷል፣ ከገዳዩ ወገን ጋር በአንድ መሶብ ሊበላ ነው። እናትየው የፈሩት ይህን ነው፣ ፍርሃታቸውም ትክክል ነበር። የአልበርታው ገንዘብ ግን ከገዳዩ አይመጣም፣ ገዳዩም አይታረቅበትም፣ ክሱም አይነሣም። ገዳዩ ባይያዝ እንኳ፣ ባይከሰስም፣ ተከሶ ነጻ ቢወጣም ማመልከት ይቻላል። ምናልባት በአማርኛ «ካሳ» ማለታችን ራሱ ሳይሆን አይቀርም ያሳሳታቸው። የቀብር ወጪ መሸፈኛ ብንላቸው ኖሮ ከእድር ገንዘብ ለይተው አያዩትም ነበር። ለቀብር የሚሰጠው እስከ 12,500 ዶላር ይደርስ እንደነበር እናውቃለን፤ አስከሬን ወደ አገር ቤት ስንልክ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጃፍ ሳጥን ይዘን የቆምን ሁሉ ይህ ገንዘብ ምን ያህል ሸክም እንደሚያቀል እንረዳለን።

ሌላም አለ። ጥቂት እኅቶቻችን በገዛ ቤታቸው ይደበደባሉ። እኛ ሾፌሮች ይህን ከሌላው ሰው በተለየ እናውቃለን፤ ሌሊት በነጠላ ተጠቅልላ፣ ልጅ አቅፋ፣ ቦርሳ ሳትይዝ ታክሲ የምትጠራ ሴት ወዴት እንደምትሄድ አትጠየቅም። «ገበና ነው» ተብሎ ፖሊስ እንዳይጠራ የሚመክሩ ሽማግሌዎች አሉን፤ እናከብራቸዋለን፣ በዚህ ግን አንስማማም። ከቤት የወጣች ሴት አስቸኳይ ወጪዋን፣ የበር ቁልፍ ማስለወጫዋን፣ የምክር አገልግሎቷን ለመጠየቅ የምትችለው ነገሩ ለፖሊስ የተነገረ እንደሆነ ነው። ያልተነገረ ወንጀል በዚህ አገር መዝገብ ላይ አልተፈጸመም።

እንግዲህ ወደ ተግባሩ። አደጋው እየተፈጸመ ወይም ሰው ቆስሎ ከሆነ 911 ነው። ካለፈ በኋላ ከሆነ የካልጋሪ ፖሊስ ቁጥር 403-266-1234 ነው፤ አስተርጓሚ እንዲመጣላችሁ ጠይቁ። «ትንሽ ነው፣ ያልፋል» ብላችሁ አትተዉት፤ ዛሬ ትንሽ የመሰለ ምት ከወር በኋላ ራስ ምታት ሲሆን ማስረጃው ያ የፋይል ቁጥር ነው። ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ ማን እንደመታችሁም ንገሩት፤ «ወደቅሁ» አትበሉ። ደረሰኝ ሁሉ ይቀመጥ። በካልጋሪ ፖሊስ ውስጥ ተጎጂዎችን የሚረዳ ክፍል አለ፤ ማመልከቻውን በመሙላት ያግዛል።

የማይከፈለውንም እንወቅ። የተሰረቀ ገንዘብና ስልክ፣ የተሰበረ መስተዋት፣ የቀረ የሥራ ቀን ከዚህ ፈንድ አይተካም። ለእነዚህ ሌላ በር አለ፤ አጥፊው ከተፈረደበት፣ በ2015 በወጣው የካናዳ የተጎጂዎች መብት ሕግ መሠረት ዳኛው አጥፊው ለተበዳዩ እንዲተካ ማዘዝን ማሰብ ይገባዋል። ለዚህ ግን የጠፋባችሁን በዶላር ቆጥራችሁ፣ ከነደረሰኙ፣ ቅጣቱ ከመወሰኑ በፊት ለዐቃቤ ሕግ መስጠት አለባችሁ። ተራ የመኪና ግጭትም ወደ ኢንሹራንስ እንጂ ወደዚህ አይመጣም። ገጭቶ ያመለጠ ወይም ኢንሹራንስ የሌለው ሾፌር ከሆነ አልበርታ ለዚያ የተለየ ፕሮግራም አላት። እንዲሁም ጠቡን የጀመረው ተበዳዩ ራሱ እንደሆነ በዚህ ይጎዳል። ስለዚህ ወጣት ሾፌሮች፣ ሳይከፍል የሮጠውን አሳድዳችሁ አትያዙ። ሃያ ዶላሩ ይሂድ።

ማመልከቻውን አትመን ከሻይ ጠረጴዛው አጠገብ አስቀምጠናል። ዋና ዋናዎቹን ጥያቄዎች በአማርኛ ጽፈን አያይዘንበታል። የሕግ ተማሪያችንና ሁለት ባልደረቦቹ በወር የመጀመሪያው እሑድ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተቀምጠው ከሚመጣው ሰው ጋር ይሞላሉ፤ የሚነገራቸው ከዚያ ክፍል አይወጣም። ሴቶች ከሴት ጋር መነጋገር ቢፈልጉ ከሴቶች ክፍል ሁለት እኅቶች ፈቃደኛ ሆነዋል። በመጋቢት 2023 መጨረሻ እና ከዚያ ወዲህ የተጎዳ ሰው የምታውቁ ከሆነ ስሙን ሳትነግሩን ቀኑን ብቻ ንገሩን፤ ሁለት ዓመቱ አልፎ እንደሆነና እንዳልሆነ አብረን እንቆጥራለን።